አልማዝ ባለጭራ በቤታችን

ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ለኅዳር ጽዮን አዲስ ዓለም ሄጄ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 21 ቀን ከአያቴ ጋር ኮረብታው ላይ ወጥተን ደብረ ጽዮን ማርያምን እንሳለማለን፤ ልጅ ሆኜ እሷ እጄን ይዛኝ፣ ኋላ ደግሞ እኔ ክንዷን ደግፌ። ያን ዕለት ጠዋት ግን ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ ቀኝ ዓይኗ አውርዳ አገኘኋት።

"እኔ ዛሬ አልወጣም፤ አንተው ተሳለምልኝ" አለችኝ።

አያቴ በኅዳር ጽዮን ቤት ስትቀር አይቼ አላውቅም። ክረምት ላይ ጉልበቷን አሟት እንኳ በዱላ እየተደገፈች የወጣች ሴትዮ ናት።

"እማማ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም። ምች ነው፤ ይተወኛል።"

ነጠላውን ገለጥ ሳደርገው ከቀኝ ቅንድቧ እስከ ፀጉሯ ድረስ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ፍሬዎች ችፍ ብለዋል። አንዳንዶቹ ፈንድተው ቅርፊት ይዘዋል። የዓይኗ ቆብ አብጦ አልከፈት ብሏል። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ፍሬ ብቻቸውን ቁጭ ብለዋል። በጣም የገረመኝ ግን ግራው ግማሽ ነው። አንዲት ነጥብ የለበትም። መሃል ግንባሯ ላይ አንድ ሰው በማስመሪያ መስመር አስምሮ "ከዚህ እንዳታልፍ" ያለው ነው የሚመስለው።

ስንት ቀኗ እንደሆነ ስጠይቃት ሽፍታው ከወጣ አምስት፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ግንባሯን እንደ እሳት ሲያቃጥላት እንደነበር ነገረችኝ። አንዷ ጎረቤት ዳማከሴ ጨምቃ ቀብታታለች። ሌላዋ "ሸረሪት ሸንቶብሽ ነው" ብላታለች። መድኃኒት ቤት የተላከው ልጅ በሽተኛውን ማንም ሳያየው ለ"ሽፍታ" የሚሆን ቅባት ገዝቶ መጥቷል። ጤና ጣቢያ እንሂድ ያሏትን ሁሉ እምቢ ብላለች።

"እሺ ለምን አልደወልሽልኝም?"

ዝም አለች። ቆይታ፣ እሳቱን እያየች፣ "የአክስትህ ነው የወጣብኝ" አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው። የ72 ዓመት ሴት፣ ዓይኗ ሊጠፋ እየተቃረበ፣ አምስት ቀን ሙሉ ሽፍታዋን የደበቀችው ስለማታውቀው አይደለም። ስለምታውቀው ነው። ወይም ሁላችንም እናውቀዋለን ብለን ስለምናስበው።

*

ሐኪሞች ሄርፒስ ዞስተር ይሉታል። ዞስተር በግሪክ ቀበቶ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደረትና ወገብ ላይ ግማሽ ቀበቶ ሠርቶ ስለሚወጣ። አረቦችም የእሳት ቀበቶ ይሉታል። ጣልያኖች የቅዱስ እንጦንስ እሳት የሚሉት ሲሆን ዴንማርኮችና ኖርዌዮች ደግሞ ይባስ ብለው የገሃነም እሳት ብለውታል። በላቲን አሜሪካ ስሙ "ትንሿ እባብ" ነው፤ የእባቧ ራስና ጭራ ወገብ ዞረው ከተገናኙ በሽተኛው ይሞታል የሚል አባባልም አለ። (አይገናኙም። ለምን እንደማይገናኙ በኋላ እመጣበታለሁ።)

የእኛው ስም አልማዝ ባለጭራ ነው። ልጅ ሆኜ አልማዝ አንዲት ክፉ ሴት ትመስለኝ ነበር። ክፍላችን ውስጥ የነበረች አልማዝ የምትባል ልጅ በዚህ ስም የተነሳ ያላየችው መከራ የለም፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ይቅርታ ብላት ደስ ይለኛል። ጭራው ግልጽ ነው፤ ሽፍታው ከጀርባ ተነስቶ ወደ ፊት እየተጎተተ ይመጣል። አልማዙን አያቴ ስትተረጉመው "ፍሬው ብርሃን ሲያርፍበት ያብለጨልጫልኮ" ትላለች። እኔ ግን ስሙን ስሰማ የሚታየኝ ጅራታም ኮከብ ነው። የድሮ ሰዎች ጅራታም ኮከብ ሲያዩ ንጉሥ ሊሞት ነው፣ ረሃብ ሊመጣ ነው ይሉ ነበር። አልማዝ ባለጭራም በእኛ ሰፈር ያገለገለው እንደዚሁ ነው። ሰው ቆዳ ላይ የወጣ ምልክት፣ ስለሚመጣው ነገር የሚናገር።

ምልክት ከመሆኑ በፊት ግን በሽታ ነው። በሽታነቱን ዓለም የተረዳበት ታሪክ ደግሞ፣ በአጋጣሚ፣ ከከተማችን ዕድሜ ጋር አብሮ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ አፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የአገሬው ሰው ኤጄሬ በሚለው ቦታ፣ አዲስ ዓለምን ቆረቆሩ። አዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ተጨፍጭፎ አልቆ ነበርና መናገሻው ወደዚህ ሊዛወር ታስቦ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ተጀመረ፣ መንገድም ተሠራ። ኋላ ግን ባሕር ዛፍ ደረሰና አዲስ አበባ ባለችበት ቀረች፤ እዚህ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ። አያቴ በየወሩ በ21 የምትስማት ማርያም ያች ናት። አዲስ ዓለም ተራዋን ጠብቃ ሳይደርሳት የቀረች ከተማ ናት ብል የአገሬ ልጆች አይቀየሙኝም።

በዚያው በ1900 ሄንሪ ሄድ እና አልፍሬድ ካምቤል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ትልቅ ጥናት አሳተሙ። በዚህ በሽታ ተይዘው የነበሩ፣ ኋላም በሌላ ምክንያት የሞቱ ሰዎችን አስከሬን መርምረው፣ የበሽታው መነሻ ቆዳ ሳይሆን ከህብለ ሰረሰር ጎን ያሉ የነርቭ ቋጠሮዎች መሆናቸውን አሳዩ። እያንዳንዱ ቋጠሮ የራሱ የቆዳ ግዛት አለው፤ አንዱ ሲታመም ያ ግዛት ብቻ ይቃጠላል። ግዛቱ ደግሞ መሃል ሰውነት ላይ ያበቃል። የአያቴ ግንባር ላይ ያየሁት መስመር ይኸው ነው። እባቧ ራሷንና ጭራዋን የማታገናኘውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የግራው ነርቭ ወደ ቀኝ አይሻገርም።

ቋጠሮው ውስጥ የገባው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ጊዜ ፈጀ። ቦካይ የተባለ የሃንጋሪ ሐኪም ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፤ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ይህ ሽፍታ ሲወጣበት፣ ከቀናት በኋላ ልጆቹን ጉድፍ ይይዛቸዋል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶማስ ዌለር የተባለ አሜሪካዊ የጉድፍና የዞስተር ቫይረስ አንድ መሆኑን በላብራቶሪ አሳየ። ታሪኩን የቋጨው ግን ሌላ ሰው ነው። ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን ሳይረንሰስተር በምትባል ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ የሚሠራ ተራ የሰፈር ሐኪም ነበር። ለ16 ዓመት፣ በዚህ በሽታ ወደ እሱ የመጡ 192 ሰዎችን አንድ በአንድ መዘገበ። በ1965 ያቀረበው ድምዳሜ ይህ ነው፦ ጉድፍ ልጅነት ላይ ይዞን ሲተወን ቫይረሱ አይወጣም። ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሰውነታችን ጠባቂ ሆኖ ያስተኛዋል። ጠባቂው በዕድሜ፣ በበሽታ ወይም በከባድ መድኃኒት ሲደክም ይነቃና በዚያው ነርቭ ተጉዞ ቆዳ ላይ ብቅ ይላል።

ሸረሪት የለበትም። ነፋስም፣ ሟርትም የለበትም። ይህን ለአያቴ ሳስረዳት በጥሞና ሰማችኝና፣ "ታዲያ ከስልሳ ዓመት በላይ ኪራይ ሳይከፍል ኖሯላ!" አለች።

*

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ።

ሀብታም አገሮች ውስጥ ይህ በሽታ በአብዛኛው የሽማግሌና የአሮጊት ነው፤ ጠባቂው የሚደክመው በዕድሜ ነዋ። አገራችን ውስጥ ግን ከ1980ዎቹ ጀምሮ የ25 እና የ30 ዓመት ወጣቶች ላይ መውጣት ጀመረ። ኤች አይ ቪ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. በተወሰደ ደም ላይ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት በ1978 ዓ.ም. ነው። ኤች አይ ቪ የሚያፈርሰው ያንኑ ጠባቂ ነው። ጠባቂው ሲፈርስ ከሁሉ ቀድመው ከሚነቁት አንዱ ይኸው የተኛ የጉድፍ ቫይረስ ነው፤ ሰውየው ገና ሥራ እየሠራ፣ ገና ጤነኛ መስሎ ሳለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 የኤች አይ ቪን ደረጃዎች ሲያወጣ ዞስተርን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ዓይናቸው አካባቢ ዞስተር ወጥቶባቸው ከመጡት መካከል እጅግ የሚበዙት ቫይረሱ በደማቸው ነበር።

እንግዲህ አንድ ነገር በሐቀኝነት መናገር አለብኝ። የሰፈሩ ሰው ተሳስቶ አልነበረም። ወይም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ምርመራ በሌለበት ዘመን፣ ቡና ላይ የተቀመጡ ሴቶች በዓይናቸው ብቻ ሐኪሞቹ በጥናት የደረሱበትን ነገር አስተውለው ነበር። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ወጣት፣ ከዓመታት በኋላ ይከሳል፣ ያስለዋል፣ ይሞታል። ስህተቱ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። "ሊሆን ይችላል" የሚለው "ነው" ሆነ፤ "ነው" የሚለው ደግሞ ሲኒ መለየት ሆነ።

አክስቴ አምቦ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ጣቶቿ ሲሮጡ ለማየት ቢሮዋ ድረስ ወስዳኝ ታውቃለች፤ የአምቦ ውሃ ገዝታልኝ አፍንጫዬን ሲኮረኩረኝ የሳቀችው ሳቅ አሁንም ይሰማኛል። በ1989 ዓ.ም. የ28 ዓመት ልጅ ሳለች ከግራ አንገቷ ጀምሮ ትከሻዋን ይዞ ወጣባት። መጀመሪያ ሰሞን እስከ አንገቷ የሚቆለፍ ሸሚዝ ትለብስ ነበር። ከዚያ ሻሽ ጨመረችበት። በሚያዝያ ሙቀት ሻሽ አንገቷ ላይ ጠምጥማ መሥሪያ ቤት የምትሄድ ሴት ምን እንደደበቀች ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ሽፍታው በሳምንታት ውስጥ ደረቀ። ጠባሳው ግን አልለቀቀም፤ ሰዉም እሱን ያነብ ነበር።

ሥራዋን ትታ አዲስ ዓለም ተመለሰች። አያቴ ጸበል አመላለሰቻት። ሆስፒታል ግን አልወሰደቻትም፤ ይህን ዛሬ ራሷ ነች የምትናገረው። "ሆስፒታል ስትገቢ ሰው ያይሻል፤ ጸበል ግን ሁሉም ይገባል" ነበር ሒሳቡ። ምን ያህል ትክክለኛ ሒሳብ እንደነበር ልብ በሉ። ጸበል ቦታ ማንም ለምን መጣሽ አይልሽም።

አክስቴ አንድም ቀን ሳትመረመር በ1992 ዓ.ም. አረፈች። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ጥሩንባ ተነፋ፣ "ባደረባት ሕመም ስትረዳ ቆይታ" ተባለ። ያ ዓረፍተ ነገር በዚያን ዘመን ስንት ወጣት እንደሸፈነ አስቡት። እስከ ዛሬ ድረስ በምን እንደሞተች በወረቀት የተጻፈ ነገር የለም። ሰፈሩ ግን ያውቃል። ያወቀው አንገቷን አይቶ ነው።

*

የታሪክ ነገር አንዳንዴ ያበሳጫል። አክስቴ ሻሽ ስትጠመጥም፣ ለሽፍታዋ የሚሆነው መድኃኒት ዕድሜው ሃያ ዓመት ሊሞላ ነበር። አሲክሎቪር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሮውስ ዌልካም በሚባል ኩባንያ ቤተ ሙከራ የተገኘ ነው፤ ሥራውን ከመሩት አንዷ ገርትሩድ ኤሊየን የምትባል፣ ሴት በመሆኗ ምክንያት በወጣትነቷ የቤተ ሙከራ ሥራ የከለከሏት ኬሚስት ነበረች። በ1988 የኖቤል ሽልማት ተሸለመች። ለኤች አይ ቪ የመጀመሪያ ሆኖ የተፈቀደውን መድኃኒት በ1987 ያወጣውም ያው ኩባንያ ነው። ማለትም ሽፍታውንም፣ ከሽፍታው ጀርባ የቆመውንም የሚዋጉ መድኃኒቶች ከአንድ ጣሪያ ሥር ወጥተዋል። አክስቴ ከመታመሟ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1996 (እ.ኤ.አ.)፣ ቫንኩቨር በተደረገው የኤድስ ጉባኤ ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ ሲወሰድ ሰው ከሞት አፋፍ እንደሚመለስ ተነገረ።

ቫንኩቨርና አዲስ ዓለም በጣም ሩቅ ናቸው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት አገራችን ውስጥ በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም.፣ በነጻ መሰጠት የጀመረው ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት ነው ያለፋት። ስለዚህ "በጊዜ ሆስፒታል ብትሄድ ትድን ነበር" ብዬ አልጽፍም፤ ውሸት ይሆናል። ብትሄድ ግን የሚያቃጥላት ነገር ይቀንስላት ነበር። ምን እንደያዛትም ታውቅ ነበር፤ አብሯት የሚቆም ሰውም ታገኝ ይሆናል። በዚያው ዘመን መቅድም እና ተስፋ ጎህ የተባሉ ማኅበራትን ያቋቋሙ፣ ቫይረሱ በደማችን አለ ብለው አደባባይ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ ፊት ለፊት ቆሞ ይህን መናገር ምን እንደሆነ ለማወቅ የዛሬ ልጅ መሆን ይከብዳል።

ጸበሉንም እንዲሁ ዝቅ አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። ለአክስቴ ብቸኛው ሰው የማይሸሽበት ቦታ እሱ ነበር። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው፤ መድኃኒቱ ደርሶ ሳለ፣ ጸበል የጀመረ ሰው መድኃኒት ከዋጠ እምነቱን አጎደለ የሚል ወሬ እንጦጦም ሌላም ቦታ ሲናፈስ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። አያቴ ይህን በሬዲዮ ሰምታ፣ "ዘገዩ" አለች ትለኛለች እናቴ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

*

ወደዚያ ኅዳር 21 ልመለስ። ማርያምን ሳልሳለም ቀረሁ። ሚኒባስ ይዘን በሆለታ በኩል አዲስ አበባ ገባን፤ አያቴ መስኮቱ ጥግ፣ ፊቷ ወደ መስታወቱ፣ ማንም እንዳያያት። ከሰዓት በኋላ አንድ የዓይን ክሊኒክ ደረስን።

ሐኪሙ መጀመሪያ ያየው ዓይኗን ሳይሆን አፍንጫዋን ነው። ያች ጫፍ ላይ ያሉ ሁለት ፍሬዎች ስም አላቸው ለካ፤ ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከ150 ዓመት በፊት ነው ያስተዋላቸው። ወደ አፍንጫ ጫፍ የሚወርደው የነርቭ ቅርንጫፍ ዓይን ውስጥም ስለሚገባ፣ እዚያ ፍሬ ከታየ ዓይኑ የመነካቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። በግንባር ወይም በአፍንጫ ላይ የወጣን ሽፍታ "እስኪ ነገ እናየዋለን" የማይባለው ለዚህ ነው። የአያቴም ዓይን ተነክቶ ነበር፤ ጥርት ያለው የፊተኛው ሽፋን ላይ ቁስል ጀምሯል።

"እማማ፣ ቀደም ብለው ቢመጡ ጥሩ ነበር" አላት፣ ሳይቆጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሦስት ቀን የሚባለውን ነገር አስረዳኝ። ቫይረሱ በብዛት የሚራባው ፍሬው በወጣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። አሲክሎቪር ቫይረሱን ከመራባት ያግደዋል እንጂ የተጎዳን ነርቭ አይጠግንም። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ሽፍታው በታየ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ነው። ይህ ማለት ግን አራተኛው ቀን ላይ በሩ ይዘጋል ማለት አይደለም፤ አዲስ ፍሬ እየወጣ ከሆነ፣ ወይም እንደ እሷ ዓይን ከተነካ፣ ዘግይቶም ቢሆን ይሰጣል። ባለ 800 ሚሊግራሙን በቀን አምስት ጊዜ ለሰባት ቀን አዘዘላት፤ የዓይን ቅባትም ጨመረላት። ቀን አምስት ጊዜ ማለት ምን ያህል እንደሚያሰለች የዋጠ ያውቀዋል፤ እኔ ስልኬ ላይ ደወል ሞልቼ ነበር የማስውጣት።

እህቴ በዚያን ጊዜ የሦስት ወር ሕፃን ነበራት፤ "ይይዘዋል?" ብላ ደወለች። አልማዝ ባለጭራ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ፍሬው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ጉድፍ ይዞት የማያውቅን ሰው ጉድፍ ሊያስይዘው ይችላል። ቅርፊቱ እስኪደርቅ ድረስ ሽፍታውን ሸፍኖ፣ እጅን ታጥቦ፣ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ራቅ ማለት በቂ ነው። ሲኒ መለየት አያስፈልግም። ያኔም አላስፈለገም ነበር።

ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። አማካሪዋ ትህትና ያላት ልጅ ናት። "እማማ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራም እንሥራ፤ ለሁሉም ሰው የምናደርገው ነው" አለቻት። አያቴ እጄን ጨመቀችው። ፈራች። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረችውን ሕይወቷን የምታውቅ ሴት፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንገት ላይ ያየችው ምልክት ግንባሯ ላይ ስለወጣ ብቻ፣ በራሷ ሕይወት መተማመን አቅቷት ፈራች።

ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ነጻ ናት። ልጅቷ ስትነግራት ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አያቴ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። "እሷስ?" አለች። "እሷም እንዲህ ነጻ ኖራ ቢሆንስ?"

መልስ የለኝም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ዘመን፣ ያ ሽፍታ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተውን ከላይ ጽፌዋለሁ። ግን ጤነኛ ወጣት ላይም ይወጣል፤ ያኔም ይወጣ ነበር፣ ዛሬም ይወጣል። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ጥያቄ ነው በቤታችን ሃያ ሁለት ዓመት የኖረው።

*

ሽፍታው ወር ሳይሞላ ደረቀ። ዓይኗ ዳነ፣ ግን በቀኙ ስታይ "ጭጋግ አለ" ትላለች። ያልዳነው ሕመሙ ነው። ቆዳው ሽሮ፣ ነርቩ ግን ሳይሽር ሲቀር ሕመሙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይህ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል፤ ዓይን አካባቢ ሲሆንም እንዲሁ። አያቴ ላይ ስምንት ወር ቆየ። ተራ የራስ ምታት ኪኒን ወይ ፍንክች። ሐኪሙ ማታ ማታ የምትውጠው አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ጀመረላት፤ ይህ መድኃኒት ለድብርት የተሠራ ቢሆንም የነርቭ ሕመምን ያስታግሳል። ስለዚህ ፋርማሲ ውስጥ "የአእምሮ በሽተኛ አደረጓት" ብላችሁ እንዳትደነግጡ፤ እኛ ደንግጠን ነበር። እንቅልፍ መለሰላት። ሕመሙን ሙሉ በሙሉ ግን አላጠፋውም።

ከሁሉ የከፋው ምን ነበር መሰላችሁ? ጨርቅ። ግንባሯ ላይ ነጠላ ሲያርፍ እንደ ጋለ ብረት ይሆንባታል። ሽፍታዋን የደበቀችበትን ነጠላ ራሷ ላይ መጣል አቃታት። ያለ ነጠላ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። እናም በስምንቱም ወራት በ21 ቀን ኮረብታውን ትወጣና፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ጃንጥላ ዘርግታ፣ ከቅጥሩ ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። ሲያዩዋት የሚገርማቸው ሰዎች "ምን ሆነው ነው?" ሲሏት መጀመሪያ ሰሞን "ራሴን አሞኝ" ትል ነበር። ግንቦት ላይ ይመስለኛል፣ አብሬያት ቆሜ አንዷ ጠየቀቻት። አያቴ ጃንጥላውን ከፍ አድርጋ ጠባሳዋን አሳየቻትና፣ "አልማዝ ባለጭራ" አለቻት፣ ጮክ ብላ።

ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አያቴ ቀጠለች፦ "የልጅነት ጉድፍ ነው። ተኝቶ ቆይቶ ነው። ሦስት ቀን ሳያልፍሽ ከሄድሽ መድኃኒት አለው።"

ክትባትም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው አዲሱ፣ ሁለት ጊዜ የሚወጋው፣ በጣም ውጤታማ ነው። በአገራችን መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ ግን የለም። ውጭ የምትኖሩ፣ ወላጆቻችሁን ለጥየቃ የምታስመጡ ልጆች ካላችሁ፣ ከሐኪም ጋር ከምታነሷቸው ጉዳዮች አንዱ ቢሆን አይከፋም። ወጣት ሆናችሁ የወጣባችሁም የኤች አይ ቪ ምርመራውን አድርጉት፤ ቢገኝም መድኃኒቱን በአግባቡ የጀመረ ሰው ዛሬ ሙሉ ዕድሜ ይኖራል። ሌላው ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከሽፍታው የሚቀድም መሆኑ ነው። ጎን ላይ ሲሆን ኩላሊት፣ ደረት ላይ ሲሆን ልብ፣ ፊት ላይ ሲሆን ጥርስ ይመስላል። በአንድ ወገን ብቻ የሚያቃጥል፣ የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ ቆዳውን በየቀኑ ተመልከቱት።

ባለፈው ክረምት ሌሊት ስልኬ ጮኸ። አያቴ ናት። በሌሊት ስትደውል ሁልጊዜ ሰው የሞተ ይመስለኛል።

"ከጓሮ ያሉት አዴ" አለችኝ፣ "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግራ ጎናቸውን 'ና ጉባ፣ ና ጉባ' ይላሉ። ያቃጥለኛል ነው። ኩላሊት ነው ብለው የሆነ ቅጠል አፍልተው ሲጠጡ ሰነበቱ። አሁን ማታ ልብሳቸውን አስወልቄ በባትሪ አየሁት። አራት ፍሬ ወጥቷል።"

"መቼ ነው የወጣው?"

"ጠዋት አልነበረም ይላሉ።"

"እሺ፣ ሲነጋ ጤና ጣቢያ—"

"እሱንማ መች አጣሁት! ልጃቸው ሰው ያየናል ብላ እምቢ አለች እንጂ። የደወልኩት ለሱ ነው። አንተ ንገራት፣ አንተን ትሰማሃለች።"

ስልኩን ለልጅቷ ሰጠችልኝ። ምን እንዳልኳት በደንብ አላስታውስም። ከስልኩ ማዶ ግን አያቴ በኦሮምኛና በአማርኛ እያቀላቀለች አዴን ጫማ አድርጊ ስትላቸው ይሰማኝ ነበር። ገና ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነበር።